ፊፕሮኒል ለድመት መዥገር፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ግምገማ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ፊፕሮኒል የተባለውን የመዥገርና የቁንጫ ማጥፊያ ነው። መድኃኒቱ ለድመት የሚቀርበው በዋናነት በሁለት መልክ ነው፦ አንደኛው በጠርሙስ ሆኖ የሚረጨው 0.25 በመቶ ፈሳሽ፣ ሁለተኛው በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ታሽጎ ማጅራት ላይ የሚንጠባጠበው ጠብታ። ሁለቱንም በቤታችን ድመት ላይ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ ጠብታው ዋጋውን የሚያወጣ፣ አጠቃቀሙ ቀላል፣ ውጤቱም በዓይን የሚታይ ነው። የሚረጨውም በመድኃኒትነቱ የሚታማ አይደለም፤ ሆኖም ድመት ይዞ መርጨት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ያላየ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል። ብዕር ያስነሣኝ ግን በአካባቢያችን ለድመት መዥገር መድኃኒት ሲጠየቅ ከመደርደሪያ የሚወርደው ሌላው ነገር ነው።

በጎጃም ገጠርም ሆነ በከተሞቹ ዳርቻ ድመት የጎተራ ጠባቂ ናት። ጤፉና በቆሎው በአይጥ እንዳይበላ ተብላ ትያዛለች እንጂ ምግብ ተለይቶ፣ ሕክምና ታስቦላት የምትኖርበት ቤት ጥቂት ነው። ቀን ቀን በገለባ ክምርና በአጥር ሥር ስታደባ ትውላለች፤ ማታ ሙቀት ፍለጋ ጥጃው ከታሰረበት ጋጥ ገብታ ትተኛለች። መዥገር የሚያገኛትም በእነዚሁ ቦታዎች ነው። በአካባቢያችን ከብቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት መካከል አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም የሚባለው ጀርባው በቀለም ያጌጠ ትልቅ መዥገርና ቡፊለስ ዲኮሎራተስ የሚባለው ሰማያዊ መዥገር ይገኙበታል፤ በውሻ ላይ የሚበዛው ቡናማው ሪፒሴፋለስ ሳንጉዊኒየስ ደግሞ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ መኖር ስለሚችል፣ የቤቱ ውሻ ያመጣውን ድመቷ ትካፈላለች። ክረምቱ ወጥቶ ሳሩ በቁመቱ ሲቆም ነገሩ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ በመሆኗ ብርዱ በመጠኑ ያግዘናል፤ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ እየወረዱ በሄዱ ቁጥር ግን ለመዥገር የሚመቸው ሙቀት እየጨመረ ይሄዳል።

ድመት ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ስለምትውል ብዙውን መዥገር ሳይጣበቅባት በምላሷ ጠራርጋ ታስወግዳለች። የሚቀርባት ምላሷ በማይደርስበት ቦታ የተጣበቀው ነው፤ ጆሮ ውስጥና ጆሮ ሥር፣ አገጭ፣ አንገትና ማጅራት፣ አንዳንዴም የዓይኗ ቆብ ጠርዝ። በእኛዋ ውሮ ግራ ጆሮ ሥር ያገኘሁት መዥገር ደም ጠግቦ የጉሎ ፍሬ አክሎ ነበር፤ ቆዳው ተወጥሮ አመድማ ሆኖ፣ እግሮቹ ከፊት በኩል ተኰማትረው ሊታዩ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ዙሪያው ያለው የድመቷ ቆዳ ቀልቶ አብጧል፤ ጠጉሩም በማከክ ብዛት ረግፏል። አንድና ሁለት መዥገር ለአካለ መጠን ለደረሰች ድመት ከማሳከክ ያለፈ ጉዳት ላያደርስ ይችላል፤ በግልገሎች ላይ ሲበዛ ግን ደም እስከ ማሳነስ ይደርሳል።

መድኃኒት ልግዛ ብሎ የወጣ ሰው በከተማችን የሚያጋጥመው የመጀመሪያ ነገር መደናገር ነው። የጎረቤታችን እማማ እንኳ ቅርጫት ይዤ ስወጣ አይተው «እንዴ መምህር፣ ለድመት ደግሞ መድኃኒት ይገዛል?» ብለው ስቀውብኛል። የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎቻችን የተቋቋሙት ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ በመሆኑ መደርደሪያቸውም ያንኑ ይመስላል፤ ይህ በራሱ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሸጫ ውስጥ የተደረገልኝ መስተንግዶ ነው። ሻጩ ከትልቅ ዕቃ ወደ ሃይላንድ ፕላስቲክ የተገለበጠ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጣ ያለ ፈሳሽ አውጥቶ ሰጠኝ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው ዲያዚኖን መሆኑን ነገረኝ። «ለላም የሆነ ለድመት የማይሆንበት ምን ምክንያት አለ መምህር? በውኃ አቅጥነው በጨርቅ ይቀቧት» አለኝ። መጠኑን ስጠይቀው «ትንሽ» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘሁም።

ዲያዚኖን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ኬሚካሎች አንዱ ሲሆን፣ በ60 በመቶ ጥንካሬ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው በብዙ ውኃ ተበጥብጦ ከብት እንዲረጭበት ነው። ከብት ጀርባውን አይልስም ባይባልም ድመት እንደምታደርገው ሰውነቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምላሱ አያዳርስም፤ ድመት ግን የተቀባችውን ሁሉ ጥቂት ቆይታ ትውጠዋለች። መርዙ ሲይዛት ለሐጯ ይዝረከረካል፣ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ተቅማጥ ይይዛታል፣ ጡንቻዋ ይርገበገባል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታታል። የእንስሳት ሐኪም በቶሎ ደርሶ አትሮፒን የተባለውን ማርከሻ ካልሰጣት የመትረፍ ዕድሏ ጠባብ ነው። ያለ መለያ ጽሑፍ በሃይላንድ መሸጡ ደግሞ ለድመቷ ብቻ ሳይሆን ውኃ መስሎት ለሚያነሣው ልጅም አደጋ ነው።

በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚገኙት ሌሎቹም ከዚህ ብዙ የተሻሉ አይደሉም። አሚትራዝ ለከብትና ለውሻ የሚውል ቢሆንም ለድመት አይሰጥም። ለከብት በ1 በመቶ ጥንካሬ የሚዘጋጀው የአይቨርሜክቲን መርፌ፣ መጠኑ ለመቶ ኪሎዎች የታሰበ በመሆኑ፣ ሦስት ኪሎ ለምትመዝን ድመት በጠብታ ስሕተት ከልክ በላይ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለመዥገር ያለው ፋይዳ ውስን ነው። ሳይፐርሜትሪን፣ ዴልታሜትሪንና ፐርሜትሪን የተባሉት ተባይ ማጥፊያዎች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ለድመት እጅግ የከፋው ፐርሜትሪን ነው። የድመት ጉበት ይህን ዓይነቱን ኬሚካል ሰባብሮ ለማስወጣት የሚያስፈልገው የኢንዛይም ሥራ ደካማ በመሆኑ፣ ለውሻ ምንም የማያደርገው መጠን በድመት ላይ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታን የመሰለ መንፈራገጥ ያመጣል፤ ሊገድላትም ይችላል። ስለዚህ ከውጭ አገር ዘመድ ሲመጣ «የመዥገር መድኃኒት አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ አድቫንቲክስ የተባለው የውሻ ጠብታ ፐርሜትሪን ያለበት ስለሆነ ለድመት ፈጽሞ አይሆንም፤ ውሻው ላይ ተደርጎ ሳይደርቅ ድመቷ አጠገቡ ብትተኛም ያሰጋል። ማሸጊያው ላይ የድመት ሥዕል ወይም የድመት ስም መኖሩን ማረጋገጥ የግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ፊፕሮኒል የመጣሁት። መድኃኒቱ ሮን ፑሌንክ በተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ፍሮንትላይን በሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል፤ ዛሬ ግን በብዙ አምራቾችና በብዙ ስሞች ስለሚሠራ ገዢው ማየት ያለበት የንጥረ ነገሩን ስም ነው። አሠራሩ መዥገሩና ቁንጫው በነርቭ ሥርዓታቸው ውስጥ ያለውን የመረጋጊያ መልእክት በመዝጋት ከልክ በላይ እንዲነቃቁና እንዲሞቱ ማድረግ ነው። በቆዳ ላይ ሲያርፍ ከጠጉሩ ሥር ባሉት የቅባት ዕጢዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ በቀስ ከቅባቱ ጋር ይወጣል። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት በመሆኑ፣ በትክክለኛው መጠን ከተሰጠ ድመት በደንብ ትቋቋመዋለች።

የሚረጨውን የገዛሁት እዚሁ ከተማ፣ ከሌላ መሸጫ ነው፤ ይህኛው ሻጭ የድመቷን ክብደት ጠይቆ ነው የሰጠኝ። በ100 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ይወጣል፤ መጠኑ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት እንደ ጠጉሯ ርዝመትና ጥቅጥቅነት ከ18 እስከ 36 ጊዜ መረጨት ይኖርባታል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ነገር ግን ድመት ፍስስ የሚለውን ድምፅ ስትሰማ እባብ ያየች ያህል ስለምትደነግጥ፣ አንድ ሰው በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልሎ ሲይዛት ሌላው ጓንት አጥልቆ ጠጉሯን ወደ ኋላ እየገለበጠ መርጨት ይኖርበታል። ፊቷ ላይ አይረጭም፤ በጓንቱ ላይ ረጭቶ አገጯንና ጆሮዋን በእጅ ማሸት ነው። ፈሳሹ አልኮል ስላለበት ሽታው ያስነጥሳል፤ ከሁሉ የከፋው ግን እሳት የሚይዝ መሆኑ ነው። እኛ ቤት ድመት የምትወደው ቦታ የምድጃው ጥግ በመሆኑ፣ ጠጉሯ እስኪደርቅ እሳት ካለበት ቤት ማራቅና በሩን መዝጋት ያስፈልጋል። ውሮ እጄን ቦጫጭራለች፤ የምመሰክረው ግን መድኃኒቱ መሥራቱን ነው። በማግስቱ የደረቁ መዥገሮች ከተኛችበት ጆንያ ላይ ተገኝተዋል። ለዚህ ዓይነቱ አንድ ብልጫ እሰጠዋለሁ፦ ፍሮንትላይን በሚለው ስም የሚሸጠው ርጭት ከተወለዱ 2 ቀን ለሞላቸው ግልገሎች እንኳ የተፈቀደ ነው፤ ጠብታው ግን 8 ሳምንት ላልሞላቸውና 1 ኪሎ ለማይመዝኑ አይሰጥም። አንድ ጠርሙስም ለአንዲት ድመት ከአምስት ጊዜ በላይ ሊያገለግል ስለሚችል፣ ድመት ለበዛበት ቤት ሒሳቡ ያዋጣል።

ጠብታውን ያገኘሁት በዘመድ በኩል ከአዲስ አበባ ነው። ብልቃጧ ግማሽ ሚሊ ሊትር የምትይዝ ስትሆን በውስጧ 50 ሚሊ ግራም ፊፕሮኒል አለ። አጠቃቀሙ አጭር ነው፤ ድመቷ እየበላች ሳለች ከትከሻዎቿ መካከል፣ ከማጅራቷ ሥር፣ ጠጉሩን በሁለት ጣት ከፍሎ ነጩን ቆዳ ማየት፣ ከዚያ የብልቃጧን አፍ ቆዳው ላይ አሳርፎ መጭመቅ ነው። ጠጉር ላይ ብቻ የፈሰሰ ጠብታ ባክኗል። ቦታው የተመረጠው ምላሷ ስለማይደርስበት ነው፤ ሁለት ድመቶች ያሉት ሰው ግን አንዷ የሌላይቱን እንዳትልስ እስኪደርቅ ድረስ ለያይቶ ማቆየት አለበት። ብትልሰው ለጥቂት ጊዜ ለሐጭ ይዝረከረክባታል፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒቱ ምሬት የሚመጣ ነው። በተደረገበት ቦታ ላይ ጠጉሯ ለጥቂት ጊዜ ቅባት የነካው መስሎ ተጣብቆ ይታያል። ከመደረጉ ሁለት ቀን በፊትና በኋላ ማጠብ አይገባም፤ በክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናብ እንዳይመታት ማድረግ ነው።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ፊፕሮኒል መዥገርን ይገድላል እንጂ ከሩቅ አያባርርም። አዲስ የመጣ መዥገር ወጥቶባት ሊጣበቅ ይችላል፤ የሚሞተውም በአብዛኛው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በተደረገ ማግስት ሕይወት ያለው መዥገር ያየ ሰው ተታለልሁ ብሎ ደግሞ ሊያደርግባት አይገባም። ከዚህ የሚበልጠው ቅሬታዬ የጊዜው ነገር ነው። ጠብታው በቁንጫ ላይ ለረጅም ጊዜ ቢሠራም፣ ለመዥገር በየመመሪያው የሚጠቀሰው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው፤ ሁለተኛውን ጠብታ ለማድረግ ደግሞ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥቅምትን በመሰለ የመዥገር ወቅት በመካከሉ ክፍተት ይፈጠራል ማለት ነው። ያን ክፍተት የሚሞላው እጅና ወረንጦ ነው።

ወረንጦ በጎጃም የማይገኝበት ቤት የለም፤ እሾህ የምናወጣበት ያው ዕቃ ለመዥገርም ፍቱን ነው። ጫፉን ከመዥገሩ ሆድ ሳይሆን ከአፉ ዘንድ፣ ከድመቷ ቆዳ ጋር አስጠግቶ መያዝ፣ ከዚያ ሳይጠመዝዙና ሳይነጥቁ ቀጥ አድርጎ እየጐተቱ ወደ ላይ ማውጣት ነው። የአፉ ቁራጭ ቆዳው ውስጥ ቢቀር መቆፈር አያስፈልግም፣ ቆዳው ራሱ ይተፋዋል። ላምባ ማድረግ፣ ቅቤ መቀባት፣ የክብሪት እሳት ማስጠጋት፣ ትምባሆ መለጠፍ በየቤቱ ይደረጋሉ፤ ሁሉም መዥገሩን ከማስጨነቅ አልፈው ምራቁንና የሆዱን ወደ ቁስሉ እንዲያስታውክ ስለሚያደርጉት ጉዳታቸው ይበልጣል፤ ላምባው ደግሞ ስትልሰው ራሷን ይጎዳታል። የወጣውን መዥገር በጥፍር መጨፍለቅም ደግ አይደለም። አምብሊዮማ የተባለው መዥገር ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባል ተሕዋሲ ሊሸከም ይችላል፤ ይህም በሰው ላይ ትኩሳትና በተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቁስል ያስከትላል። አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ መክተት፣ ከታጣም ጠንካራ የሳሙና ውኃ ውስጥ አቆይቶ መጣልና እጅን መታጠብ ይበቃል።

ለጎጃም ሰው በተለይ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። ፊፕሮኒል ለንብ መርዝ ነው፤ ለዓሣም እንዲሁ። ጓሮው ቀፎ ያለበት ሰው ርጭቱን በቀፎው አቅራቢያ እንዳያደርግ፣ ባዶውን ጠርሙስም በምንጭ ወይም በወንዝ ዳር እንዳይጥል አደራ እላለሁ፤ የዳንግላና የእንጅባራ አካባቢ ንብ አናቢዎች በእርሻ ፀረ ተባይ የደረሰባቸውን ሲናገሩ የሰማ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ምክር አያየውም። ጥንቸል የሚያረባም ካለ ጥንቸሏ ላይ አያድርገው፤ ሊገድላት ይችላል።

ዋጋውን በቁጥር አላስቀምጥም፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ እንደ ምንዛሪው ይለዋወጣል። ብዙ ቤተሰብ ለድመት ከሚያወጣው በላይ መሆኑ ግን አይካድም። ውድ ነው ብሎ የውሻውን ትልቅ ብልቃጥ ገዝቶ ለድመት ማካፈል የሚያስብ ሰው፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፊፕሮኒል ብቻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ቢያደርገው ወደ ፐርሜትሪኑ ጉድጓድ ሊገባ ይችላል። አቅም ያለውና በዘመድ ማስመጣት የሚችል ደግሞ ሌላ አማራጭ አለው፦ ፍሉራላነር ያለበት የድመት ጠብታ እስከ 12 ሳምንት የሚሠራ ሲሆን፣ ኢሚዳክሎፕሪድና ፍሉሜትሪን ያለበት የድመት አንገት ማሰሪያ እስከ 8 ወር ያገለግላል። ማሰሪያውን በተመለከተ እኔ እጠራጠራለሁ። የእኛ ድመቶች በአጥርና በጣሪያ ሲሽሎኮሎኩ የሚውሉ ስለሆኑ፣ ሲወጠር ራሱ የማይፈታ ርካሽ ማሰሪያ አንቆ ሊያስቀርብን ይችላል።

ሲገዙ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፣ የንጥረ ነገሩን ስም፣ የድመት መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ። ሻጩ ክብደቷን ካልጠየቀዎት እርስዎ ይንገሩት። ድመቷ ያረገዘች፣ የታመመች ወይም የከሳች ከሆነች የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ አያድርጉባት።

በመጨረሻ ስለ ጋጡ። ጠብታው የሚያክመው ድመቷን እንጂ ቤቱን አይደለም። ደም የጠገበች እንስት መዥገር ወርዳ በግድግዳው ስንጥቅና በጉዝጓዙ ሥር በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል፣ ጥጃው ሳይታከምና ጋጡ ሳይጠረግ ድመቷን ብቻ ማከም በየወሩ ብልቃጥ መግዛት ይሆናል። ጥጃው በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር ይረጭ፤ የቆየው ጉዝጓዝ ወጥቶ ይቃጠል፤ ስንጥቁ በጭቃ ይመረግ። ጥጃው በሚረጭበት ቀን ግን ድመቷን ከነምግቧና ከነውኃዋ ጓዳ ውስጥ ዘግቶ ማዋልና፣ ጥጃው እስኪደርቅ ድረስ ወደ ጋጡ እንዳትመለስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለእሱ የተረጨው ለእሷ መርዝ ነውና።